ደወል

ቅዳሜ ማታ ነው፣ መብራት ሲመጣ ሲጠፋ፣
ጉሙ ከጦሳ ላይ ቁልቁል እየሰፋ፣
ሱቄን ልዘጋ ስል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ሳለ፣
ፈንታው ከሎግያ «አለህ ወይ?» እያለ
ይደውላል።

«አለሁ።»
«እንግዲያው ንገረኝ፤ ባሕር ዛፍ አልነበር?
ከዘበኛው ጎጆ አለፍ ብሎ ወደ በር?»

ደወሉን ነው እኮ፤ ከኤንትሬ የወለቀ
ቸርኬ፣ ጋሽ ሸህቦ በመዶሻ ሲለው አዝዋ ገደል ድረስ የዘለቀ።
የተሰቀለበት ምን ዛፍ እንደነበር፣
ይኸው ሃያ ዓመት ሙግት፣ ዳኛ የለው ድንበር።

የሻረግ ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካው ሞተር ጆሮዋን ወስዶባት
ጩኸቷን የተወላት፣
«ወይራ ነው!» ትላለች፤
«መፋቂያ ስቆርጥ ያረፈችብኝን አለንጋ ማን ይርሳት?»
ዘምዘም ከከሚሴ፣ ዕድሜዋን በሙሉ መርፌ ስትወጋ የኖረች፣
«ወላሂ ጥድ ነበር፤ ፍሬውን በሻሼ ቋጥሬያለሁ» ብላ ማለች።
አራጋው ከሐዋሳ፣ መምህር ነውና፣
ጉሮሮውን ጠርጎ «አንደኛ...» ይልና
ካርዱ ያልቅበታል።
ሁለተኛውን እስካሁን የሰማ የለም።

ከዛፉ ሥር ወሬው መንሸራተት ያውቃል፤
ፎቶ ቤት ይገባል፣ ከባሕሩ ሥዕል ፊት ኮስተር ብሎ ይቆማል።
(ባሕር ያየ አልነበረም ከመካከላችን፤
ሐይቅን ነው ያየነው፣ እሱም በጭነት መኪና፣ ጉንፋን ይዞን።)
ቦርከና ደርሶ የኳስ ሜዳውን አንዱን ጎል ይዞት እንደሄደ፣
ፈንታው ሮመዳንን ከዘምዘም ጋር ልጡም ብሎ፣
ረፋድ ላይ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ሲያንኮሻኩሽ እንደተዋረደ፣
የሒሳቡ መምህር፣ አንድ ኮት ብቻ ያለው፣
ክረምት ከበጋ ጠመኔ ጠመኔ የሚሸተው፣
ሁሉ ይነሣል። ይሳቃል። ደግሞ እንጣላለን።

በሙህዲን ግን አንጣላም።

እሱ ላይ አንድ ነን፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ ነው።
ማክሰኞ ነበረ። ደወሉ ያለሰዓቱ ነው የጮኸው።
በሩ ላይ ላንድሮቨር። ሰውዬው ወረቀት ዘርግቶ ስም ሲጠራ፣
ሙህዲን «አቤት» አለ፣
እንደ ጠዋት ጥሪ፣ በራሱ ተራ።
ደብተሩን አልያዘም። ቶሎ የሚመለስ ይመስል
እስክሪብቶው ተከፍቶ ቀረ፣ ገጹ መካከል።

ስለዚህ ማንም አይደውልም።

ባለፈው ጥቅምት ነው። አጥሩን ሊያድሱ ሲቆፍሩ አይቼ ቆምኩኝ፤
አንድ ጉማጅ ወጣ፣ የዛገ ሽቦ ተጠምጥሞበት፤ ቀርቤ ነካሁኝ።
ቀጥ ያለ። ሬንጅ ሬንጅ የሚል። ቅርፊት አልነበረው።
ገለበጥኩት፤ ሥር የለው።
«አባባ፣ ይኼ እኮ ዛፍ አይደለም» አለኝ ቆፋሪው ልጅ፣ ላቡን እየጠረገ፣
«የድሮ የስልክ እንጨት ነው» ብሎ አካፋውን ፈለገ።

ፍሬው የተለቀመ፣ ቅርንጫፉ መፋቂያ የሆነ፣ የተማለበት ዛፍ፣
አንድ ቅጠል አላበቀለ፤ አንድ ቅጠል አያውቅ ማርገፍ።
ወደ ቤት ስመለስ ስልኬን ሦስት ጊዜ አወጣሁ ከኪሴ።
ሦስት ጊዜ መለስኩት።
ነገሩ ከተፈታ ማን ሊደውል ነው ከከሚሴ?

ቅዳሜ ማታ። ጉም። ፈንታው ነው።
«አንተ እዚያው ያለኸው፣ አንድ ቀን ሄደህ አላየኸው?»
«አየሁ» አልኩት። ዝም አለ። የሎግያ ንፋስ በስልኩ ይሰማል።
«እኔስ» አልኩት፣ «ብሳና ይመስለኛል።»

«ብሳና? ኧረ አንተ ሰው! ብሳና?
ቆይ፣ ዘምዘምን ላስገባት፤ ጉድህን ትስማና!»
ደወለላት።
ይጠራል። ይጠራል። ጉሙ ከሱቄ ደፍ ደርሷል።
ይጠራል።

«አቤት» አለች ዘምዘም።